የሞተር ሳይክል ሞተር የተገጠመላት ቀላል መኪና ለምን ብዙ ቤንዚን ትጠጣለች?

ሊድስ_ጋራዥ

ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ እንግሊዝ አገር ሰዎች በቤታቸው ጋራዥ የሚገጣጥሟቸውን ትንንሽ የስፖርት መኪናዎች የነዳችሁም የጠገናችሁም በዚህ መድረክ እንዳላችሁ ስለማውቅ ጥያቄዬን ወደ እናንተ አምጥቻለሁ።

መኪናዬ የሎተስ ሴቨን ቅርጽ ያላት፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ በርም ጣሪያም የሌላት ናት። ሻንሲዋ ከአራት ማዕዘን የብረት ቱቦ የተበየደ ሲሆን ባዶዋን 450 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። ሞተሯ ከ1998ቱ ያማሃ አር1 የወጣ ነው፤ 998 ሲሲ፣ አራት ካርቡራተር። ካምቢዮውም የሞተር ሳይክሉ የራሱ ባለ ስድስት ማርሽ ነው። ሞተሩ ከቀድሞ አቀማመጡ ሩብ ዙር ዞሮ ስለተቀመጠ፣ ካቴናውን ይጎትት የነበረው ጥርስ በነበረበት ቦታ የመኪና ዘንግ ታስሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከዘንጉ ጫፍ የፎርድ ሲዬራ ዲፍረንሻል አለ፤ ጥምርታው 3.62 ነው፤ ማለትም ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ዘንጉ 3.62 ጊዜ ይዞራል። ጎማዎቼ 195/50 አር15 ናቸው።

በአውራ ጎዳና በሰዓት 70 ማይል፣ ማለትም 112 ኪሎ ሜትር ስነዳት በ100 ኪሎ ሜትር 9 ሊትር ተኩል ያህል ታቃጥላለች። የባለቤቴ የቤት መኪና ደግሞ 1,300 ኪሎ ግራም እየመዘነች፣ የሕፃናት ወንበርና የገበያ ዕቃ ተጭኖባት፣ በዚያው መንገድ 6 ሊትር አትሞላም። ክብደቷ ሲሶ የሆነች መኪና ከአንድ ተኩል እጥፍ በላይ ቤንዚን የምትፈጅበት ምክንያት ምንድን ነው? ካርቡራተሮቹን ልንካ ወይስ ወንበሮቹን በካርቦን ፋይበር ቀይሬ ክብደት ልቀንስ? ይህቺን መኪና እወዳታለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ልነዳትም እፈልጋለሁ። ስለዚህ መልሱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ነፋስ_ለካ

ወንድሜ፣ ወንበሮቹን ተዋቸው፤ ገንዘብህን ያዝ። ምክንያቱን በቁጥር ላሳይህ።

ሴቨን መሰል መኪና ነፋስን የምትገፋው በጣም በከፋ ቅርጽ ነው። የፊት ጎማዎቿ ውጭ ናቸው፣ መብራቶቿ በዘንግ ላይ ተተክለው ቆመዋል፣ የፊት መስታወቷ ቀጥ ብሎ የተገተረ ነው፣ ከኋላው ደግሞ ክፍት ጉድጓድ አለ። የአየር ተቃውሞ መጠኗ 0.65 አካባቢ ነው ብንልና የፊት ገጽታዋን 1.4 ካሬ ሜትር ብናደርገው፣ ብዜቱ 0.9 ይመጣል። የባለቤትህ መኪና ቁመቷም ስፋቷም ይበልጣል፤ 2.2 ካሬ ሜትር ትሆናለች። ነገር ግን ተቃውሞዋ 0.30 ስለሆነ ብዜቱ 0.66 ብቻ ነው። ትልቋ መኪና ለነፋስ ከትንሿ ታንሳለች ማለት ነው።

አሁን በ112 ኪሎ ሜትር ፍጥነት እናስላው። የአንተዋ ነፋሱን ለመግፋት 520 ኒውተን ያህል ጉልበት ትፈልጋለች። ጎማ ለማንከባለል፣ አንተን ጨምሮ 550 ኪሎ ግራም ብለን፣ 70 ኒውተን ይበቃል። ድምሩ 590 ነው። የባለቤትህ መኪና ለነፋሱ 380፣ ለጎማው 140፣ በድምሩ 520 ኒውተን። ክብደት የሚታየው በሁለተኛው ቁጥር ላይ ብቻ ነው፤ በአንተ መኪና እሱ ከጠቅላላው 12 በመቶ አይበልጥም። ስለዚህ በብዙ ሺህ ፓውንድ 50 ኪሎ ብትቀንስ በአውራ ጎዳና ላይ የምታተርፈው 1 በመቶ ገደማ ነው።

ክብደት የሚከፍልህ ከተማ ውስጥ ነው። ቆሞ በተነሳህ ቁጥር የምታስፈነጥረው ብረት ሲያንስ በፍሬን የምታባክነውም ያንሳል። ቀጥ ባለ መንገድ በአንድ ፍጥነት ለሚሄድ ሰው ግን ጠላቱ ነፋስ ነው።

ማርሽ_ቆጣሪ

ነፋስ_ለካ ያለው ሁሉ ትክክል ነው፤ ግን ግማሹ ነው። 590 እና 520 ያን ያህል አይራራቁም፤ ልዩነቱ 13 በመቶ ገደማ ነው። የነዳጁ ልዩነት ግን ከ50 በመቶ በላይ ነው። ቀሪው የት ገባ? ዲፍረንሻሉ ውስጥ።

የሞተር ሳይክል ሞተር ዙሩን የሚቀንሰው ሁለት ጊዜ ነው። ገና ከክራንኩ ወደ ፍሪሲዮኑ ሲሻገር አንድ ቅነሳ አለ፤ በአር1 1.581 ነው። ስድስተኛው ማርሽ 1.115 ነው፤ በዚህ ላይ የአንተ 3.62 ሲመጣ አጠቃላይ ጥምርታው 6.38 ይሆናል። በጎማህ ልክ ሲሰላ በ112 ኪሎ ሜትር ሞተርህ በደቂቃ 6,700 ዙር ያህል ይዞራል።

የፎርድ ዜቴክ ሞተር ከባለ አምስት ማርሽ የፎርድ ካምቢዮ ጋር ያላት እህት መኪና፣ አምስተኛው ማርሿ 0.82 ስለሆነ፣ በዚያው ዲፍረንሻልና በዚያው ጎማ 3,100 ዙር ገደማ ላይ ትሄዳለች። አር1 ራሱ በሞተር ሳይክልነቱ በዚያ ፍጥነት 4,500 ገደማ ነው። አንተ ዘንድ ከመጣ በኋላ ሞተሩ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ማርሽ ጎድሎት እንደሚሄድ ሆኗል።

ሌሎቹን ዲፍረንሻሎች ለማነጻጸር በ112 ኪሎ ሜትር ያሉትን ዙሮች ልስጥህ። በ3.92፦ 7,250። በ3.38፦ 6,250። በ3.14፦ 5,800።

ቡሳ_ነጂ

እንደምን አላችሁ። እኔ የምነዳው የሱዙኪ ሃያቡሳ ሞተር ሳይክል ሞተር ያላት ዌስትፊልድ የተባለች ሴቨን መሰል መኪና ነው፤ ሜጋቡሳ የምትባለዋን። 1,299 ሲሲ፣ ነዳጅ የሚረጨው በኢንጀክሽን ነው። በማርሽ_ቆጣሪ አባባል ላይ አንድ ተቃውሞ አለኝ።

እነዚህ ሞተሮች ለከፍተኛ ዙር የተሠሩ ናቸው። ፒስተኖቻቸው ቀላል፣ ምታቸው አጭር ነው። 6,700 ዙር ለዜቴክ ጩኸት ነው፤ ለአር1 ግን ገና አጋማሽ ነው። የመኪና ሞተር በ6,700 ስለሚያባክን የሞተር ሳይክል ሞተርም በዚያው ልክ ያባክናል ብሎ መደምደም ልክ አይመስለኝም። እኔ ገጠር መንገድ ላይ ተረጋግቼ ስነዳ 7 ሊትር ተኩል አካባቢ አገኛለሁ፤ ለ170 የፈረስ ጉልበት ይህን እንደ ጥፋት አላየውም። በውድድር መንገድ ላይ ከሆነ ደግሞ ማንም አይጠይቅ፤ 25 ሊትርም ያልፋል።

ነፋስ_ለካ

እህቴ፣ ስለ ሞተሮቹ ጤና ያልሽውን እቀበላለሁ፤ 6,700 ላይ ቀኑን ሙሉ ቢሄዱ አይጎዱም። ጥያቄው ግን የሚጎዱ መሆናቸው ሳይሆን ሥራ ሳይሠሩ የሚበሉት ነው።

የሊድሱ ወንድማችን በ112 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው 18 ኪሎዋት ተኩል ያህል ነው፤ 25 የፈረስ ጉልበት ማለት ነው። ሞተሩ በ6,700 ዙር ሙሉ ነዳጅ ቢሰጠው 70 ኪሎዋት ያህል ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ የካርቡራተሩ ክዳን ሊዘጋ ትንሽ ነው የቀረው፤ ፒስተኖቹ አየር የሚስቡት በጠባብ ቀዳዳ ነው። ያ መሳብ ራሱ ጉልበት ይበላል። በዚህ ላይ የአራት ፒስተን፣ የሃያ ቫልቭ፣ የዘይት ፓምፓና በዘይት ውስጥ የሚሽከረከሩ ማርሾች ፍትጊያ አለ። ፍትጊያው በእያንዳንዱ ዙር የሚከፈል ግብር ነው፤ መኪናዋ ብትሮጥም ብትቆምም ይከፈላል። በደቂቃ 6,700 ጊዜ ከምትከፍል 5,800 ጊዜ ብትከፍል ይሻላል። ዙሩ ሲቀንስ ክዳኑ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት የመሳቡም ኪሳራ አብሮ ይቀንሳል።

አንቺ የምታገኚው 7 ሊትር ተኩልም ከዚህ ጋር ይስማማል። የገጠር መንገድ ማለት 80 እና 90 ኪሎ ሜትር ነው። በ90 ኪሎ ሜትር የሚያስፈልገው ጉልበት ከ590 ወደ 410 ኒውተን ገደማ ይወርዳል። የሃያቡሳ ስድስተኛ ማርሽም ከአር1 ይረዝማል፤ 1.043 ነው።

ፒያሳ_ሞተር

ከአዲስ አበባ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔ የሞተር ሳይክል ጥገና ላይ ነው የምሠራው፤ እንደዚህ ያለ መኪና በእጄ ነክቼ አላውቅም። የአር1ን ካርቡራተር ግን ፈትቼ ገጥሜአለሁና ከዚያ በኩል ልርዳ።

ወንድሜ ሊድስ፣ የሞተር ሳይክሉ የአየር ሣጥን መኪናዋ ላይ አለ ወይስ ተነስቶ ለእያንዳንዱ ካርቡራተር የስፖንጅ ማጣሪያ ተደርጎለታል? ኮፈኗ ዝቅተኛ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሣጥኑ አይገባም ሲባል እሰማለሁ። ሣጥኑ ከተነሳ የካርቡራተሩ ልኬት ተናግቷል ማለት ነው። አንዳንዱ ባለሙያ ሞተሩ በመካከለኛ ዙር ነዳጅ እንዳያንሰው ብሎ ትልልቅ ጄት ይከትበታል። ጄት ማለት ከካርቡራተሩ ሆድ በታች የምትታሰር፣ ጣት ጫፍ የማታህል፣ መሃሏ የተበሳ የነሐስ ብሎን ናት። ቁጥሯ ራሷ ላይ ተቀርጿል። በመርፌ ወይም በሽቦ እንዳትጠርጋት፤ ቀዳዳዋ በትንሹ ቢሰፋ ነዳጁ ይጨምራል፤ ወደ ቀድሞ ልኳም አትመለስም። ንጹሕ ቤንዚንና የአየር ግፊት ይበቃታል።

ጠለቅ ብለህ እይ፦ አንተ አብዛኛውን ጊዜ የምትነዳው በሩብ ነዳጅ ስለሆነ ትልቁ ጄት ገና ሥራ አልጀመረም። በዚያ አከፋፈት ልኬቱን የሚወስነው ከተንሸራታቹ ሥር የተንጠለጠለችው ሾጣጣ መርፌ ናት። መርፌዋ ከታች በትንሽ ቀለበት ከፍ ከተደረገች በአውራ ጎዳና ላይ ያለማቋረጥ ትርፍ ቤንዚን ታጠጣሃለች። መጀመሪያ እሷን እይ። ካንዴላህን አውጥተህ ተመልከት፤ ጥቁርና ጥላሸታም ከሆነ በዝቶበታል።

እኛ ዘንድ ይህ ችግር በየቀኑ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በአንድ አምስተኛ ገደማ ይሳሳል። በባሕር ዳርቻ ከተማ ልኬት የመጣ ካርቡራተር እዚህ ሲደርስ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ማርሚታው ይጠቁራል፣ ሞተሩ ይከብዳል። ትናንሽ ጄት ስናስገባ ወዲያው ይታወቃል።

ሊድስ_ጋራዥ

ፒያሳ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአየር ሣጥኑ የለም፤ ልክ እንዳልከው አራት የስፖንጅ ማጣሪያዎች ናቸው። ከኮፈኑ ጎን ወጥተው ይታያሉ።

ለሁላችሁም ሌላ ጥያቄ አለኝ። ነፋሱ ይህን ያህል ከሆነ የፊት መስታወቱን አንስቼ ትንሿን የፕላስቲክ ከለላ ባደርግስ? ደግሞ አንድ ሰው ሲነግረኝ ካተርሃም፣ ማለትም ከፋብሪካ የወጣ ሴቨን መሰል መኪና፣ በ100 ኪሎ ሜትር 5 ሊትር ብቻ ይበላል አለኝ። ይህ እውነት ነው?

ቡሳ_ነጂ

እውነት ነው፤ ግን በምን መንገድ እንደተለካ ማወቅ ያስፈልጋል። በ2013 የወጣችው ካተርሃም 160 የሱዙኪ 660 ሲሲ ባለ ሦስት ሲሊንደር ቱርቦ ሞተር ነው ያላት፤ 80 የፈረስ ጉልበት፣ 490 ኪሎ ግራም። ይፋዊ የነዳጅ ፍጆታዋ 4.9 ሊትር ነበር። ሞተሩ ከትንንሽ የጃፓን መኪናዎች የመጣ ስለሆነ ማርሹ የመኪና ነው። የተለካችው ደግሞ በድሮው የአውሮፓ ፈተና ነው፤ የዚያ ፈተና አማካይ ፍጥነት በሰዓት 34 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቆሞ መነሳት የበዛበትና ፍጥነቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ክብደቷ የሚጠቅማት ቦታ ላይ ነው የተፈተነችው። በ112 ኪሎ ሜትር ነፋሱ እሷንም አይምራትም።

መስታወቱን በተመለከተ፣ በትንሿ ከለላ ብትቀይረው ተቃውሞው ይቀንሳል፤ እኔም በጋ ላይ እንደዚያ ነው የማደርገው። ግን የራስ ቁር ወይም ጥሩ መነጽር ግድ ነው፤ በ112 ኪሎ ሜትር ጠጠር ዓይን ያጠፋል። አንተ ዓመቱን ሙሉ ልንዳ ስላልክ በሊድስ ዝናብ አልመክርህም።

ነፋሱን ከልብ ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው የሚቀይረው የመኪናውን ዓይነት ነው። ፊሸር ፊውሪን ተመልከት፦ ተመሳሳይ የቱቦ ሻንሲ፣ ተመሳሳይ የሞተር ሳይክል ሞተር፣ ግን ጎማዎቹን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ክብ አካል። የ750 ሞተር ክለብ ለመንገድ የተፈቀዱ የሞተር ሳይክል ሞተር ያላቸውን መኪናዎች የሚያወዳድርበት አርጂቢ የሚባል ውድድር ነበረው፤ እዚያ ፊውሪና ሴቨን መሰሎቹ በቀጥታው መንገድ ላይ ምን ያህል እንደሚለያዩ በዓይን ይታይ ነበር። ሞተሩ ያው ነው፤ የሚለየው ቆርቆሮው ነው።

ፒያሳ_ሞተር

የቡሳ_ነጂ ንግግር ባጃጅ ኪውትን አስታወሰኝ። እሷም በሞተር ሳይክል ሥራ የታወቀ ፋብሪካ የሠራት ቀላል መኪና ናት። 216 ሲሲ፣ አንድ ሲሊንደር፣ ክብደቷ ከእናንተዎቹ አይርቅም። ሰሪዋ በሊትር 35 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች ይላል። ከፍተኛ ፍጥነቷ ግን 70 ኪሎ ሜትር ነው። ነፋስ_ለካ እንዳለው ነፋሱ ጡንቻውን ከማሳየቱ በፊት እሷ አቅሟ ያልቃል፤ ነዳጇ የሚተርፈውም በዚያ ነው።

ማርሽ_ቆጣሪ

ሊድስ፣ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን ቅደም ተከተሌን ልንገርህ።

መጀመሪያ አራቱ የጭስ ቱቦዎች አንድ ከሚሆኑበት በታች የኦክስጅን መለኪያ የሚታሰርበት ቀለበት አስበይድ። መለኪያው ለአንድ እጅ ነዳጅ ስንት እጅ አየር እንደሚገባ በቁጥር ሲያሳይህ የፒያሳን ምክር በግምት ሳይሆን በማስረጃ ትፈጽማለህ። በተረጋጋ ጉዞ ቁጥሩ 13 ላይ ከሆነ ከሚያስፈልግህ 12 በመቶ ያህል ትርፍ እያቃጠልክ ነው፤ ወደ 14 እና ከዚያ ጥቂት በላይ አምጣው። ይህ ርካሹ ሥራ ነው።

ቀጥሎ ዲፍረንሻሉ። የሲዬራው ዓይነት በ3.14 ይገኛል፤ ብርቅ ነው፤ ግን አለ። ከመግዛትህ በፊት የጎን ዘንጎቹን አያያዝ እይ፦ በብሎን የሚታሰሩ አሉ፣ ተገፍተው የሚገቡም አሉ፤ ከያዝካቸው ዘንጎች ጋር ካልገጠመ ወጪህ እጥፍ ይሆናል።

3.14 የሚያስከፍልህ ዋጋም አለ። የመጀመሪያ ማርሽህ አጠቃላይ ጥምርታ አሁን 14.3 ነው፤ ያኔ 12.4 ይሆናል። አር1 በዝቅተኛ ዙር ጉልበት የለውም፤ ዳገት ላይ ቆመህ ለመነሳት ፍሪሲዮኑን ረዘም አድርገህ ማንሸራተት ሊኖርብህ ነው። በዘይት ውስጥ የሚሠራ ፍሪሲዮን ስለሆነ ይታገሣል፤ ግን ጠንካራ ስፕሪንግ አስገባለት፣ ዘይቱንም ቶሎ ቶሎ ቀይር። ፍሪሲዮኑ የሚያረጀው ከሞተሩ ጋር በሚጋራው ዘይት ውስጥ ነው። የምትኖርበት ሰፈር ዳገታማ ከሆነ 3.38 መካከለኛ መንገድ ነው።

አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ፦ የፍጥነት ቆጣሪህ ምልክቱን ከካምቢዮው የሚያገኝ ከሆነ፣ ዲፍረንሻሉን በቀየርክ ማግስት ቆጣሪው ይዋሻል። ዘንጉ አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናዋ ከበፊቱ 15 በመቶ የሚበልጥ መንገድ ትሄዳለች፤ ቆጣሪው ግን የድሮውን ይቆጥራል። አንተም ኪሎ ሜትሩን በሊትሩ ስታካፍል ለውጡ አይታይህም፤ ያወጣኸው ገንዘብ ከንቱ የቀረ ይመስልሃል። ከዚህም በላይ ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት በታች ስለሚያሳይ ካሜራ ፊት ያስቀጣሃል። ቆጣሪውን አስተካክል፤ ካልሆነም ርቀቱን በስልክህ ጂፒኤስ ለካ።

ነፋስ_ለካ

በዚህ ላይ ሁለት አጫጭር ነገሮች ልጨምር። ከ2021 መስከረም ጀምሮ በእንግሊዝ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት። ኤታኖል በሊትር የሚይዘው ኃይል ከቤንዚን በሲሶ ገደማ ያንሳል፤ ስለዚህ ጥቂት መቶኛ ከዚያ ይጠፋል። የአሮጌ ካርቡራተር ጎማዎችንም ሊያለሰልስ ስለሚችል እስከ 5 በመቶ ብቻ ያለበትን ሱፐር ቤንዚን ብትጠቀም ለአንተ ሞተር ይሻላል።

ሁለተኛው ምንም ወጪ የለውም። በ112 ፋንታ በ96 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በ60 ማይል ብትሄድ የሚያስፈልግህ ጉልበት 23 በመቶ ይወርዳል፤ ዙሩም ወደ 5,750 ይመጣል። ያለ ምንም ብሎን መፍታት 3.14 ያገኘህ ያህል ነው።

ሊድስ_ጋራዥ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ወንበሮቹን ትቻቸዋለሁ። የመለኪያውን ቀለበት በዚህ ሳምንት አስበይዳለሁ፤ መርፌዎቹንም አወጣለሁ። አንድ ሰው 3.14 ነው የሚለውን ዲፍረንሻል ሊሸጥልኝ ይፈልጋል፤ በብሎን የሚታሰረው ዓይነት ነው። ግን ጥምርታው የተጻፈበት የብረት ምልክት ጠፍቷል። ሳልፈታው እንዴት ላረጋግጥ?

ማርሽ_ቆጣሪ

ቀላል ነው፤ ጠመኔ ብቻ ያዝና ሂድ። ዲፍረንሻሉን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው። በአንድ በኩል ያለውን የጎን መውጫ ሰው አጥብቆ ይያዝልህ፤ እንዳይንቀሳቀስ። በሌላው የጎን መውጫና በፊት ለፊቱ የዘንግ መግቢያ ላይ በጠመኔ መስመር አስምር። ከዚያ የዘንጉን መግቢያ በእጅህ አዙር፤ ነጻ የሆነው የጎን መውጫ ሁለት ሙሉ ዙር እስኪሞላ ድረስ። አንዱ ጎን ስለተያዘ ሌላው በእጥፍ ስለሚዞር ነው ሁለት ዙር የምትቆጥረው። በዚያ ጊዜ የዘንጉ መግቢያ ሦስት ዙር ሞልቶ ትንሽ ብቻ ካለፈ 3.14 ነው። ከሦስት ተኩል በላይ ካለፈ አሁን መኪናህ ላይ ያለው ያው 3.62 ስለሆነ ገንዘብህን አታውጣ። እግረ መንገድህን ስታዞረው ጆሮህን አስጠጋ፤ የሚያንገጫግጭ ወይም የሚይዝ ቦታ ካለው ጥምርታው ትክክል ቢሆንም ተወው።